በእግሯ ሄዳ የሰማችው መርዶ

በአትላንታ ሐምራዊትን የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ እህቷ ስንዱ መሞቷን ያውቅ ነበር። ፓስተሩ ያውቃል፤ መዘምራኑ ያውቃሉ። ስቶን ማውንቴን ሰፈር እንጀራ የሚሸጠው ቶሎሳ እንኳን ያውቃል፤ እሷ ወደ ሱቁ ስትገባ ሬዲዮውን ቀነስ አድርጎ ፊቱን ወደ ሽሮው መደርደሪያ ያዞራል። የማታውቀው ሐምራዊት ብቻ ነበረች። «ቶሎሳ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ነክቶህ ነው የተኮሳተርከው?» ብላ ቀልዳበት፣ እንጀራዋን አንጠልጥላ ትወጣለች።

ነገሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ክፋት ቢሆን ኖሮ ተጣልቶ መገላገል ይቻል ነበር። የእኛ ሰው መርዶ የሚነግርበት ወግ አለው። በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ከፊት ቀድሞ፣ የሚደግፉ ሴቶች ከግራና ከቀኝ ሆነው ነው የሚነገረው። ቀኑም ይመረጣል። የታመመ እስኪሻለው፣ ነፍሰ ጡር እስክትገላገል፣ ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ ይጠበቃል። ሐምራዊት ደግሞ ፈተና ነበረባት፤ የነርስነት ፈተና።

ሐምራዊት የሻሸመኔ ልጅ ናት። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ከባሏ ጋር፣ ልጇን ሉሊትን አዝላ፣ በሱዳን በኩል ወጣች። አትላንታ የተቀበላቸው አንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሏ ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ብሎ ሲያትል ሄደ፤ ሥራውንም አዲስ ሚስቱንም እዚያው አገኘ። እሷ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ተቀጥራ አሮጊቶችን ስታነሳ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ወገቧ አለቀ። በዚያው መሀል እንግሊዝኛውን ከልጇ እየለቀመች ነርሲንግ ተማረች። ሉሊት አድጋ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፤ መሀል ከተማ፣ ሚድታውን፣ ካሉት ፎቆች ባንዱ ሥራ ያዘች፤ እናቷን ከአፓርታማ አውጥታ ሊቶኒያ የሚባል ሰፈር ቤት አስገባቻት። ጎበዝ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ግን ስሟ «ፈረንጇ» ነው። ሽማግሌ ፊት እግሯን አጣምራ ትቀመጣለች፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ትላለች፤ ለቅሶ ቤት መጥታ «አይ ኤም ሶ ሶሪ» ብላ በአምስት ደቂቃ ትወጣለች። ሴቶቹ «ወግ የማታውቅ» ብለው ሲያሟት ሐምራዊት ትሰማለች፤ ሉሊትም ትሰማለች።

ስንዱ የሐምራዊት ታናሽ ናት። አገር ቤት ቀርታ፣ ኋላ ላይ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት ሄደች። እዚያ የቀጠሯት ስፓኞች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘዋት ሄዱ፤ ከማድሪድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት የምትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ አሮጊት እናታቸውን እንድትይዝላቸው አደረጓት። የከተማዋን ስም ሐምራዊት እስከ መጨረሻው አጥርታ መጥራት አልቻለችም። እሁድ እሁድ በስልክ ካርድ ይገናኛሉ።

«ፀጥታው አይጣል ነው ሐምሪ» ትላታለች ስንዱ። «ከምሳ በኋላ ውሻ እንኳን አይጮህም። ቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ላይ ሽመላዎች ጎጆ ሠርተዋል፤ የሚሰማው የእነሱ ማንቋቋት ብቻ ነው። እኛ እኮ አውቶቡስ ተራ ሥር ነው ያደግነው። አንቺ እዚህ አንድ ሳምንት ብትተኚ ወገብሽ ይድን ነበር።»

«እመጣለሁ» ትላለች ሐምራዊት።

«ስትመጪ ያንን የነርሶች ነጭ ጫማ አምጪልኝ። ቀኑን ሙሉ መቆም እግሬን ገደለው።»

እመጣለሁ ማለት ቀላል ነው። መጀመሪያ የአሜሪካ ዜግነቱ ዘገየ። አንድ ጊዜ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነግራ፣ ተጸልዮላት፣ ሻንጣ ተሞልቶላት፣ በዋዜማው ወገቧ ተያዘና ጉዞው ቀረ። ሐምራዊት ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለች፤ ሁለተኛ ጉዞዬን አስቀድሜ ለሰው አልናገርም አለች። ይህም የእኛ ሰው አመል ነው፤ አውሮፕላኑ ካልተነሳ በቀር እሄዳለሁ አይልም። ጠላት ይሰማል፣ ነገር ይበላሻል ይላል።

በግንቦት የስንዱ ስልክ ጠፋ። ሐምራዊት ለፈተናው ስትዘጋጅ ስለነበር በመጀመሪያው እሁድ ልብ አላለችውም። በሁለተኛው ስትደውል ያቺ አሮጊት አነሳች፤ በስፓኝ ቋንቋ አንድ ነገር አለችና ማልቀስ ጀመረች። ስንዱ «እየጃጀች ነው» ብላ ነግራት ስለነበር ሐምራዊት አዝና ስልኩን ዘጋች። ሉሊት ግን መልስ ነበራት። «ማሚ፣ ስትሬስ አታድርጊ። አክስቴ ደውላ ነበር እኮ፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ። ላይክ፣ ሴትዮዋን ባሕር ዳርቻ ላይ ወዳለ ቤታቸው ሊወስዷት ነው፤ እዚያ ስልክ አይሠራም።» እንዲህ አለቻት፤ ሐምራዊትም አመነች። ልጄ ትዋሸኛለች ብላ በምን ታስብ?

ፈተናውን ወደቀች። የዚያን ሰሞን የቤተ ክርስቲያን ሰው ያሳያት ፍቅር ጉድ ነው። አቅፎ አይለቃትም፤ ምግብ ያመጣላታል፤ አንዳንዷ ደግሞ ዓይኗን ትጠርጋለች። ለፈተና ይህን ያህል ማዘናቸው ገርሟት «ኧረ ሰው አልሞተም፣ ደግሜ እፈተናለሁ!» አለቻቸው። ያን ዕለት ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

ቀኑን የሚቆርጡት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ገብረሕይወት ነበሩ። አንዳንዱ የመዘመር ጸጋ አለው፤ የጋሽ ገብረሕይወት ጸጋ ማርዳት ነው። ስንቱን አርድተዋል፤ ድምፃቸው ራሱ ያባብላል። «በውድቀት ላይ ሐዘን አይጨመርባትም፤ እስክታልፍ እንጠብቅ» አሉ። በመስከረም መጨረሻ አለፈች። «ደግሞ ደስታዋን ገና ሳታጣጥመው?» አሉ። በመጨረሻ ለጥቅምት አንድ ቅዳሜ ተቆረጠ።

ሐምራዊት ግን የራሷን ቀን ቆርጣ ነበር። የስንዱን ዝምታ አስባ አስባ ኩርፊያ ነው ብላ ደመደመች። ስንት ዓመት እመጣለሁ እያልኩ የሸነገልኳት ልጅ፣ ብታኮርፍ ይፈረድባታል? ፈተናውን ካለፈች ወዲያ ምክንያት የላትም። ሄዳ ድንገት በሯን አንኳኩታ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች፤ ያኔ ኩርፊያው ይበርዳል። ነጩን ጫማ ገዛች፤ በርበሬና ሽሮ ቋጠረች። ለሉሊት «ዳላስ አራስ ልጠይቅ ነው» አለቻት። ሉሊት ምንም አልጠረጠረችም። እናትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው አንዷ ሞት፣ አንዷ መንገድ ደብቀው ተሳስመው ተለያዩ።

አውቶቡሱ አርብ ከምሳ በኋላ አወረዳት። ስንዱ አልዋሸችም፤ ፀጥታው አይጣል ነው። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሱቁ ተዘግቷል። በአደባባዩ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ቢኖር ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሦስት ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ያሉት ሽመላዎች ናቸው። በሻሸመኔ እንዲህ ያለ ፀጥታ የሚወድቀው ትልቅ ሰው ሲሞት ነው። «ሰዉ ሁሉ ለቅሶ ወጥቷል እንዴ?» አለች ለራሷ፤ ሻንጣዋን በድንጋዩ ላይ ስትጎትት የጎማው ድምፅ አሳፈራት። ሽማግሌዎቹ ቀና ብለው አይዋት፤ አንዱ የሌላውን ክንድ ነካ። የእህቷ መልክ እንዳላት ታውቃለች፤ ስለዚህ እጇን አውለበለበችላቸው። አልመለሱላትም።

ስንዱ በላከችላት የገና ካርድ ላይ የነበረውን አድራሻ ይዛ በሩን አገኘችው። አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። አንድ መነጽር ያደረገች፣ በእሷ ዕድሜ የምትሆን ሴት ከፈተችና ፊቷ ነጣ።

«ስንዱ?» አለች ሐምራዊት ፈገግ ብላ። ሌላ የስፓኝ ቃል አታውቅም፤ ይኸው ይበቃኛል ብላ ነው የመጣችው።

ሴትዮዋ የአሮጊቷ ልጅ ናት፤ ኢኔስ ትባላለች። እንግሊዝኛ ትሞክራለች። ፊቷ ከድንጋጤው ሲመለስ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«የአሜሪካዋ እህት ነሽ» አለች። «እኛ የጠበቅንሽ በግንቦት ነበር።»

«በግንቦት? ለምን?»

«ለቀብሩ።»

ሐምራዊት እንዲህ ነው የተረዳችው። ጎህ አልቀደደ፣ ሽማግሌ አልቀደመ፣ ከጎን የሚይዛት ሰው አልነበረ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ የሻንጣ እጀታ እንደያዘች፣ በሰው አገር ቋንቋ ነገሯት። እሪ ልትል አፏን ከፈተችና ያ ሁሉ የተዘጋ መስኮት ታያት፤ ድምፁ አልወጣ አለ። ደረጃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ኢኔስ ውኃ አመጣችላት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን በልቧ የያዘችው ነገር ነበር፤ ሳትለው አላለፈችም። «ልቧ ነበር የታመመው። ሆስፒታል ስትገባ በእኔ ስልክ አሜሪካ ደወለች፤ ቁጥሩን የመታሁላት እኔ ነኝ። በቋንቋችሁ አወራች። ስትዘጋ ፊቷ በራ፤ ‹እህቴ ትመጣለች› አለችን። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ያን ዕለትም እኔው ደወልኩ፤ ‹እነግራታለሁ› ተባልኩ። ትመጣለች ብለን ቀብሩን አዘገየነው። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቄሱ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች፣ ሰው ሁሉ ‹እህትየዋ መጣች ወይ?› ይለኛል። ምን ልበላቸው?»

«ስልኩን ማነው ያነሳው?»

«ወጣት ሴት ናት። እንግሊዝኛዋ በጣም ጥሩ ነው።»

ሊቶኒያ ካለው ቤት ውስጥ ከሐምራዊት በቀር ሴት ሉሊት ብቻ ናት።

ሐምራዊት ለማስረዳት ሞከረች። በእኛ ዘንድ እኮ መርዶ እንዲህ በቀላሉ አይነገርም፣ ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ ጊዜ ይጠበቃል፣ እኔ ደግሞ ፈተና ነበረብኝ አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷ ጆሮ እንኳን የእብድ ወሬ ሆነባት። ኢኔስ እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

«እና አሁን አልደነገጥሽም?» አለቻት።

ውስጥ አሮጊቷ ወንበሯ ላይ ነበረች። ሐምራዊትን ስታይ ፊቷ እንደ ሕፃን ፈካ። «ሲንዱ!» ብላ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ የያዘችውንም እጅ አልለቅ አለች። ሐምራዊት ያኔ የስልኩ ልቅሶ፣ የዚያ የፈተናው ሰሞን እቅፍና እንባም ትዝ አላት። ከዚያ ሁሉ ወገን፣ ከዚያ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ወንድምና እህት መሀል መርዶውን ሊነግራት የሞከረው ሰው ይህች የጃጀች አሮጊት ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ ስልኩን ዘጋችባት። እጇን እየሳመች አለቀሰች፤ አሮጊቷም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራ አለቀሰች።

መቃብሩ አፈር የለውም። በዚያ አገር ሬሳውን ግድግዳ ውስጥ ነው የሚከቱት፤ ድሮ ይኖሩበት በነበረው አፓርታማ በር ላይ እንደተደረደሩት የፖስታ ሳጥኖች፣ አንዱ በአንዱ ላይ። የስንዱ አራተኛው ረድፍ ላይ ነው። ሐምራዊት ተንጠራራች፤ የስሟን የታችኛውን ጫፍ እንጂ ሌላውን መንካት አልቻለችም። በልጅነቷ አዝላ ያሳደገቻት እህቷ እላይ ተሰቅላ ቀረች። ዳቦ ጋጋሪዋ ያስቀመጠችው አበባ አጠገቧ አለ፤ ትኩስ ነው። ሲመለሱ በአደባባዩ አለፉ። ኢኔስ እንደነገረቻት፣ እነዚያ ሽማግሌዎች የስንዱ ሬሳ ሲያልፍ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ለሐምራዊት አንዳቸውም አልተነሱላትም። እህቷ ጣር ላይ ሆና ስትጠብቃት የቀረች ሴት ናት፤ ምን ብለው ይነሱላት? ሮጣ ሄዳ እግራቸው ላይ ወድቃ «አልሰማሁም ነበር!» ልትላቸው አማራት። በምን ቋንቋ?

ጫማውን ለኢኔስ ልትሰጣት ካርቶኑን ከሻንጣው ስታወጣ ኢኔስ ራሷን ነቀነቀች። «ውሰጂው። እናቴ ካየችው ልትመጣ ነው ብላ ትጠብቃለች።»

ያን ጊዜ አትላንታ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ፣ ሊቶኒያ ባለው ቤት ደጃፍ መኪና በመኪና ሆኖ ነበር። ጋሽ ገብረሕይወት ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ቀኑን ያልነገሯት ሉሊት በፒጃማ ወጥታ «ማሚ እኮ ዳላስ ናት» አለች። ዳላስ ተደወለ፤ አራሷ «ሐምራዊት? የለችም፣ አልመጣችም» አለች። የጎረቤት ጥቁር አሜሪካዊ በመስኮቱ እያየ ፖሊስ ልጥራ ወይ አለ። ለካ ቀን ቆራጮቹ ቀኑን ሲቆርጡ ሟችን ብቻ አስበው፣ ሐዘንተኛዋን ረስተዋት ኖሯል።

ሐምራዊት ሰኞ ገባች። አውሮፕላኑ ላይ ለልጇ የምትናገረውን ደርድራ ነበር፤ ክፉ ክፉውን ነው የደረደረችው። በሩን ስትከፍት ሉሊት ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

«የት ነበርሽ ማሚ?»

«ዳላስ።»

ሉሊት ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ግን «ዳላስ ደውለን ነበር» ካለች ለምን እንደተደወለ መናገር ሊኖርባት ነው። «ኦኬ» አለች። ሐምራዊት የደረደረችውን ሁሉ ውጣ ክፍሏ ገባች። ማታ ሉሊት ለጋሽ ገብረሕይወት በሹክሹክታ ስትደውል ሰማቻት፤ ወጉን ከጀመሩት አይቀር ይጨርሱት ብላ ተወችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጡ። ሐምራዊት ግን ጥቁር ለብሳ፣ መብራቱን አብርታ፣ ወንበሮቹን ደርድራ ነው የጠበቀቻቸው። ነጩ ጫማ ከካርቶኑ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ሰዉ ግራ ተጋብቶ ተቀመጠ። ጋሽ ገብረሕይወት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እህት ሐምራዊት፤ እንግዲህ ሰው ሆኖ ከእግዚአብሔር ፈቃድ—»

«ጋሽ ገብረሕይወት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ግድግዳ ውስጥ ነው የከተቷት። ሄጄ አይቼ መጣሁ።»

ቤቱ እንደዚያች ከተማ ፀጥ አለ።

«መሞቷን የደበቃችሁኝን ወግ ነው እላለሁ። እኔም ለስንቱ ደብቄያለሁ። በሕይወት እያለች ‹ንገሯት› ብላ መደወሏንስ ያውቁ ነበር?»

ጋሽ ገብረሕይወት ያ የሚያባብል ድምፃቸው ከዳቸው። «ልጅቷ ጠይቃኝ ነበር» አሉ። «ፈተናሽ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። ሦስት ቀን ምን ይሆናል አልኩ። ይሻላታል ብዬ ነው፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

«ፈተናውንም ወደቅሁ» አለች ሐምራዊት።

ሉሊት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕድሜዋን ሁሉ ወግ የማታውቅ ሲሏት የኖረች ልጅ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳን እንደ አገሩ ሰው ልሁን ብላ፣ ሽማግሌ ጠይቃ፣ የተባለችውን አንድ ሳታጎድል ፈጸመች። ሴቶቹም በዚያ ሰሞን «ለካ ጨዋ ልጅ ናት» ብለው አመስግነዋታል። ሐምራዊት ይህን ሁሉ ፊቷ ላይ አየችው። ክፉ ክፉው ቃል እስከ ምላሷ ጫፍ መጣ። ልጇ ናት፤ መልሳ ዋጠችው፤ ግን አልወርድ አላት።

«ነይ» አለቻት። «ምን አለችሽ? ቃሏን ንገሪኝ፤ ምንም ሳትጨምሪ።»

ሉሊት እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «አንቺን ጠየቀች። ሥራ ላይ ናት አልኳት። አይ ሚን፣ ላገናኛችሁ አልኳት፤ እሷ አትጥሪያት አለችኝ፣ አሮጊቶቹን ጥላ አትመጣም አለች።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጫማ አየች። «‹ልክ ወደ ቤት ስትገባ ንገሪያት፤ ካንቺ ሌላ የምጠብቀው ሰው የለም በያት› አለችኝ። እሺ አልኳት፣ ማሚ። እሺ ብያት ነበር።»

ሐምራዊት ጫማውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ይኸው» አለች፤ «አሁን ቤት ገባሁ።»